ከማስተማር በፊት እንጠይቅ፦ የአመጋገብ ምክር ለምን ማድቤት ሳይደርስ ይቀራል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ምግብ ትምህርት ነው።

«ለልጅሽ እንቁላል ስጪው፣ አትክልት ጨምሪለት፣ ገንፎውን ወፈር አድርጊው።» እኛ የጤና ባለሙያዎች ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንላለን! እናቶችም «እሺ» ብለው ይሄዳሉ። ውጤቱስ? በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ ማለትም ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ ደግሞ በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። መቀንጨር የቁመት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ እድገትንም ይጎዳል። የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ መመለሱ በጣም ይከብዳል።

የኑሮ ውድነት ትልቅ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ግን ምግቡ ቤት ውስጥ እያለም ልጁ አፍ የማይደርስበት ጊዜ አለ። ለምን? ይህን የሚያውቀው ሐኪሙ ሳይሆን የቤቱ ሰው ነው። ለዚህም ነው የምግብ ትምህርት ከመዘጋጀቱ በፊት «ፎከስ ግሩፕ» የሚባለው የቡድን ውይይት የሚያስፈልገው።

ውይይቱ ምን ያወጣል?

እንዲህ ባሉ ውይይቶች ላይ ማስታወሻ እየያዝኩ ተቀምጫለሁ። የሚከተሉትን በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችም ደጋግመው ያነሷቸዋል፦

👉 ጾም። ሕፃን እንደማይጾም ብዙዎቹ እናቶች ያውቃሉ። ችግሩ ሌላ ነው፤ የጾም ዕቃ እንዳይነካካ ሲሰጉ ወተትና እንቁላል ጨርሶ ሳይሠሩ ይቀራሉ። እዚህ ቤት ሄዶ «ልጅ አይጾምም» ማለት ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው «ልጁ የራሱ ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ይኑረው» የሚለው ነው። የንስሐ አባት ቢናገሩትማ የበለጠ ይሰማል።

👉 ቀጭን አጥሚት። ወፍራም ገንፎ ልጁን ያንቀዋል፣ ሆዱም አይፈጨውም ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ይህ ፍርሃት በፖስተር አይለቅም። እዚያው አብስሎ ማሳየት ያስፈልጋል፦ ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ልክ ነው።

👉 እንቁላል። ዶሮዋ የቤት ናት፣ እንቁላሉ ግን ለጨውና ለሳሙና ይሸጣል። ስለዚህ ትምህርቱ ለእናት ብቻ ሳይሆን በገንዘቡ ለሚወስነው አባትም ነው።

👉 እርግዝና። ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ፅንሱ ገዝፎ ምጥ ይጠናባታል የሚል ስጋት አለ። ብዙ ጊዜ ይህን የሚመክሩት አያቶች ናቸው። አያቶችን ያልጋበዘ ትምህርት ግማሽ ነው!

አያችሁ? የአራቱም መፍትሔ የተለያየ ነው። «የተመጣጠነ ምግብ ይመገቡ» የሚለው መፈክር ግን አንዱንም አይነካም።

እንዴት ይካሄዳል?

✅ ከ6 እስከ 10 ሰው፣ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃል። ቡና ቢፈላ ጨዋታው ይደምቃል።
✅ እናቶች ለብቻ፣ አባቶች ለብቻ፣ አያቶች ለብቻ። ምራት አማቷ ፊት የልቧን አትናገርማ!
✅ አወያዩ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ባይሆን ይመረጣል። ሰው ሐኪም ፊት የሚመልሰው የተማረውን ነው። ማስታወሻ ሌላ ሰው ይያዝ፤ ድምፅ የሚቀዳው ተፈቅዶ ብቻ ነው።
✅ «እንቁላል ትሰጫለሽ?» ሳይሆን «በዚህ ሰፈር ሕፃን ከጡት ቀጥሎ የሚቀምሰው ምንድን ነው? ለምን?» ብሎ መጠየቅ።
✅ ስህተት ቢሰማም መሃል ገብቶ አለማረም። አንዷ ከታረመች ሌሎቹ ዝም ይላሉ። እርማቱ ከውይይቱ በኋላ ይደርሳል።
✅ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ እስኪያቆም ከሌሎች ቡድኖች ጋር መድገም።

ይህ ዘዴ ገደብም አለው። «ለምን» የሚለውን እንጂ «ስንት ሰው» የሚለውን አይነግረንም። ሰው ፊት ጥሩ ጥሩው ብቻ የሚወራበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የተዘጋጀውን ምክር ለጥቂት ቤተሰቦች ሰጥቶ አንድ ሁለት ሳምንት ማስሞከርና «ምን ከበዳችሁ?» ብሎ ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«እኔ ፕሮጀክት የለኝ፣ ምን አገባኝ?» የምትሉ ካላችሁ፦ እናንተ ሥራ ስትውሉ ልጃችሁን የሚመግበው ማነው? አያት ናቸው? ሞግዚት ናት? የምግብ ዝርዝር ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ የቱን እምቢ ይላል? የትኛው ምግብ ለማዘጋጀት ይከብዳል? ምን ያስፈራል? ሳትቆጡ ስሟቸው።

ልጃችሁ ክብደት መጨመር ካቆመ ወይም ከቀነሰ ግን ምክር ብቻ አይበቃምና በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!