ጠበቃ ይመደብለት

ዳኛው መዝገቡን ገልጠው «ጠበቃ አለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካቴናው ገና የተፈታለት ተከሳሽ የእጁን አንጓ እያሻሸ «የለኝም» ይላል። «የማቆም አቅምስ?» «አቅም የለኝም፣ ክቡር ዳኛ።» ይህንኑ በቃለ መሐላ ሲያረጋግጥ ዳኛው ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ያዝዛሉ። ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ሌላ መዝገብ ይጠራል። ነገሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

የትእዛዙ ሥር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 እንደሚለው፣ ተከሳሽ አቅም በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ያገኛል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህ ሥራ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው።

አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ ትልቁ ሀብት አንደበት ነበር፤ ድሃም ቢሆን አፉ ከቀናው ባላጋራውን ይረታል። ዛሬ አንደበት ብቻውን አያወጣም። በክሱ ላይ መቃወሚያ ያለው በጊዜው ካላነሳ ያልፈዋል። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ተከሳሹ «መስቀለኛ ጥያቄ አለህ?» ይባላል። «እሱ ሰውዬ ይዋሻል! ያን ቀን እኔ እዚያ አልነበርኩም!» ይላል። «ጥያቄ ካለህ ጠይቅ፣ አትከራከር» ይባላል። ዝም ይላል። ምናልባት እውነቱን ነበር፤ እውነቱን በጥያቄ መልክ ማውጣት ግን የሚማሩት ሙያ ነው።

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይህን የመሰለ ዋስትና የለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያልቻለ ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ደሃ ደንብ ከክፍያ ነፃ ያወጣል እንጂ ጠበቃ አይሰጥም። ጠበቃውን ከሌላ ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አለ፤ አርሲ ውስጥ ተጠልፋ ጠላፊዋን በመግደሏ የተከሰሰችውን የ14 ዓመት ልጅ ተከራክሮ ነፃ ያስወጣ ማኅበር ነው። በግል የሚሠሩ ጠበቆችም ግዴታው ነክቷቸዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ፣ ፍርድ ቤት አገልግሎት የጠየቀላቸውን ሰዎችም ከተጠቃሚዎቹ ቆጥሯቸው ነበር።

መንገዱ የሚሰበረው ከችሎቱ እስከ ጠበቃው ጠረጴዛ ባለው ርቀት ነው። ለልጇ ቀለብ የምትጠይቅ አንዲት እናት ወደ ድጋፍ ማዕከል ተላከች እንበል። የያዘችው ወረቀት ላይ ያለው የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው። «ቀጠሮሽ መቼ ነው? የልጁ የልደት ማስረጃስ? ተከሳሹ መልስ ሰጥቷል?» ትባላለች። ወደ መዝገብ ቤት ትመለሳለች፤ ለፎቶ ኮፒ ትከፍላለች፣ ለታክሲ ትከፍላለች፣ የቀን ሥራዋ ይቀርባታል። ሦስተኛውን ምልልስ ብዙ ሰው አይችለውም። የመሸኛው ደብዳቤ ጉዳዩ የደረሰበትን፣ የቀጠሮውን ቀንና የጎደለውን ማስረጃ ቢጽፍ፣ የክሱ ግልባጭም አብሮ ቢያያዝ፣ ይህ ሁሉ ድካም ይቀርላት ነበር። አምስት መስመር ጽሑፍ ነው!

በወንጀልም ያው ነው። ጠበቃው ደንበኛውን መጀመሪያ ያየው በቀጠሮው ጠዋት ችሎት በር ላይ ከሆነ፣ ተመደበ ለማለት ይከብደኛል። በሥራ የተጨናነቀ ጠበቃን አልወቅስም፤ ለመዘጋጃ በቂ ቀጠሮ መስጠት የዳኛው፣ በቂ ጠበቃ መቅጠር የመንግሥት ድርሻ ነው። የተመደበለት ሰው የሚታወቀው በማረሚያ ቤቱ መጠየቂያ፣ መዝገቡ በሁለቱ መካከል ተዘርግቶ፣ ጠበቃው እስክሪብቶውን አውጥቶ «ተረጋጋ፤ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ሲለው ነው።