ጥቁር ጉድጓድ የዋጠውን መልሶ አይተፋም

«ጥቁር ጉድጓድ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፤ ሲበዛበት በጄት መልክ መልሶ ይተፋል» ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። የመጀመሪያው ግማሽ የተጋነነ ነው፤ ሁለተኛው ጭራሽ ስሕተት ነው።

እውነታው፦ የጥቁር ጉድጓድን ድንበር አልፎ የገባ ነገር፣ ብርሃንም ቢሆን፣ ተመልሶ አይወጣም። እርስ በርስ ከሚዞሩ ጥንዶች አንዱ ጥቁር ጉድጓድ፣ ሌላው ኮከብ ሲሆን የኮከቡ ጋዝ በጥቁር ጉድጓዱ ስበት ይሳባል፤ ዙረት ስላለው ግን በቀጥታ አይወድቅም። እየተሽከረከረና በሰበቃ እየጋለ ዲስክ ይሠራል። ጄቱ፣ ማለትም በከፍተኛ ፍጥነት የሚፈተለከው ቀጭን የጋዝ ፍሰት፣ የሚነሣው ከዚህ ዲስክ እምብርት አካባቢ፣ ገና ካልተዋጠው ጋዝ ነው።

ማስረጃው በንስር ኅብረ ከዋክብት፣ 18,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኘው ኤስኤስ 433 የተባለ ጥንድ ነው። ሃይድሮጅን በቤተ ሙከራ 656.3 ናኖሜትር ላይ ቀይ መስመር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ብሩስ ማርገንና ባልደረቦቹ የኤስኤስ 433ን ብርሃን በስፔክትሮግራፍ ሲበትኑት ግን ያው መስመር ሦስት ቦታ ታየ፦ አንዱ በቦታው፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ቀይ ተገፍቶ። የተገፉት ሁለቱ በየሌሊቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ በ162 ቀን ገደማም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። አንደኛው ጄት ወደ እኛ ሲመጣ መስመሩ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ሲርቅ ወደ ቀይ ይገፋል፤ ዘንጋቸውም ቀስ እያለ ይዞራል። ፍጥነታቸው በሰከንድ 78,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የብርሃንን 26 በመቶ ነው። የሃይድሮጅን መስመር መገኘቱ ራሱ ጄቱ ተራ የኮከብ ጋዝ እንደያዘ ይመሰክራል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ጄቶቹ ወደ እኛም ከእኛም ሳይሆን ወደ ጎን ሲያቀኑ ሁለቱ መስመሮች ይገጣጠማሉ፤ የሚገጣጠሙት ግን በ656.3 ላይ ሳይሆን 680 ናኖሜትር ገደማ ላይ ነው። አንስታይን እንዳስተማረው፣ በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ ነገር ሰዓቱ ለእኛ ቀስ ብሎ ሲሄድ ስለሚታየን ብርሃኑ ወደ ቀይ ያደላል። ይህን ከአንድ የብርሃን መስመር ማንበብ መቻል ትልቅ ነገር ነው።

ጄት የጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነው ማለትም ልክ አይደለም። ስኮርፒየስ ኤክስ-1 በተባለው ጥንድ ውስጥ ኒውትሮን ኮከብ፣ አር አኳሪ በተባለው ውስጥ ነጭ ድንክ ጄት አላቸው።

«ዲስኩን ፎቶ አንሥተውታል» የሚሉም አሉ። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ከርቀታቸው የተነሣ በተራ ቴሌስኮፕ ነጥብ ብቻ ሆነው ይታያሉ። የዲስክ ምልክቱ የብርሃን መስመሩ ነው፦ አንዱ ጎን ወደ እኛ፣ ሌላው ከእኛ ስለሚዞር መስመሩ ሁለት ጫፍ ያወጣል። ስለዚህ የሚሽከረከር እሳታማ ዲስክ በዜና ሲያዩ፣ ከሥሩ «የሠዓሊ ምናብ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይፈልጉ።