እሳት ክፍሉን የሚሞላበት ደቂቃ

በአንድ ክፍል ጥግ የተነሣ እሳት፣ ነበልባሉ ገና ያልነካቸውን ዕቃዎች ሁሉ ባንድ አፍታ አቀጣጥሎ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላበት ቅጽበት በእሳት ምሕንድስና ‹‹ፍላሽኦቨር›› ይባላል። ትኩስ ጭስ ከጣሪያው ሥር ተከማችቶ ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ከላይ ወደ ወለሉ የሚወርደው ግለት በካሬ ሜትር 20 ኪሎዋት ገደማ ስለሚሆን፣ ወረቀትና ጨርቅ እሳት ሳይነካቸው ይቀጣጠላሉ።

ይህን ቅጽበት አስቀድሞ ለመገመት ከሚያገለግሉት ቀመሮች አንዱ እንግሊዛዊው ፊሊፕ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ነው። የግድግዳው፣ የወለሉና የጣሪያው ስፋት ተደምሮ በ7.8 ይባዛል፤ የበሩ ስፋት ደግሞ በከፍታው ስኩዌር ሩትና በ378 ይባዛል፤ የሁለቱ ድምር ክፍሉን ለመሙላት እሳቱ ማመንጨት ያለበትን ኃይል በኪሎዋት ይሰጣል። በታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ በአርብ ገበያ 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.5 ሜትር፣ በሩም 0.8 በ2 ሜትር የሆነ ሱቅ ቢታሰብ፣ ውጤቱ 1,300 ኪሎዋት ያህል ይሆናል። በ150 ሰከንድ 1,000 ኪሎዋት የሚደርሰው፣ ባለሙያዎች ‹‹ፈጣን›› የሚሉት እሳት ይህን መጠን ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልፈዋል፤ ‹‹መካከለኛ›› የሚባለው ግን አምስት ደቂቃ ተኩል ይወስድበታል።

ቁጥሩ ግን እንዳለ የሚታመን አይደለም፤ ቀመሩ ሙቀትን አምቀው ለሚይዙ ክፍሎች የተሠራ ነውና። ከባሕር ዛፍ ተሠርቶ በጭድና ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ለዚህ ይቀርባል፤ ባዶ ቆርቆሮ ግን ሙቀቱን ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ ቅጽበቱን ያዘገየዋል፤ ከሥሩ የፕላስቲክ ወይም የጨርቅ ኮርኒስ ከተወጠረ ደግሞ ኮርኒሱ ራሱ ነድዶ ያፋጥነዋል። የሣር ክዳን ቤት ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ ክዳኑ ራሱ ማገዶ ነውና።

በሩ ተዘግቶ እሳቱ አየር ካጣ ስሌቱ ይለወጣል፤ እሳቱ ይታፈናል እንጂ አይሞትም፤ በሩ ድንገት ሲከፈት ያልተቃጠለው ጋዝ ከገባው አየር ጋር ተደባልቆ ሊፈነዳ ይችላል። በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣው እሳት እንዳሳየው፣ ሱቆች ተያይዘው በተሠሩበትና መንገዱ በጠበበበት ሥፍራ የእሳት አደጋ መኪና ለመድረስ ይቸገራል፤ ሦስት ደቂቃ ደግሞ ለየትኛውም መኪና አጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ በቦታው ያለ ሰው የሚመራው በቀመር ሳይሆን በምልክት ነው፦ ጭሱ ወደ ወለሉ ዝቅ ማለቱ፣ በጭሱ መካከል የነበልባል ምላስ ብልጭ ድርግም ማለቱ፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰውም ግለቱ ሳያስችለው መቅረቱ።