የወንዝ ዳሩ ጥላ የበጋው ውኃ ነው

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር በበጋ የሚጓዝ ሰው በአብዛኛው የሚያየው የታጨደ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ በየመንደሩም የባሕር ዛፍ ተክል ነው። ሀገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የቀረው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ግቢና በየሸለቆው፣ ከጅረቱ ግራና ቀኝ ነው። ይህን የወንዝ ዳር መሬት ብዙዎች እንደ ጠፍ ይቆጥሩታል። ዳሩ ግን ለአርሶ አደሩ ከማሳው የማይተናነስ ሥራ ይሠራል።

ሙጋ፣ ሱሃና አዝዋሪን የመሳሰሉ ወንዞች ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በሚበልጠው የጮቄ ተራራ መንጭተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ወደ እነርሱ የሚገቡት ትናንሽ ጅረቶች በበጋ መስኖ ይሆናሉ፤ ከብትም ያጠጣሉ። በጅረቶቹ ዳር ሾላ፣ ዶቅማ፣ ብርብራ፣ ብሳናና ዋንዛ ይበቅላሉ። ከሥራቸው ቀጋ፣ አጋምና እንዶድ ይገኛሉ።

እነዚህ ዛፎች ሥራ ተከፋፍለዋል። የሾላ ሥር የወንዙን ዳርቻ አጥብቆ ይይዛል። ብርብራ አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል። ብሳናና ዶቅማ ሲያብቡ ለንብ ቀሰም ይሰጣሉ። የረገፈው ቅጠል ደግሞ የክረምቱን ዝናብ ወደ መሬት ያሰርገዋል። የሰረገው ውኃ ዝናቡ ካባራ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ጅረቱ ይወጣል፤ ጥላውም ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘውና በትነት የሚባክነው እንዲቀንስ ያደርጋል።

ጥላው የእንስሳትም መኖሪያ ነው። ድኩላ ቀን ቀን በጥሻው ውስጥ ይውላል። ጦጣና ፍሬ በል ወፎች ሾላው ላይ ይሰፍራሉ። ከነዚህም አንዱ ጉንጩ ነጭ፣ ሲበርም ክንፉ ደማቅ ቀይ የሚታይ አረንጓዴ ወፍ ነው። እነዚህ እንስሳት የበሉትን ፍሬ ዘር ሌላ ቦታ ስለሚጥሉ ማንም ሳይተክል ዛፍ ይበቅላል።

የወንዝ ዳር ዕፅዋት ምን ያህል እንደሚያስተምሩ እንዶድ ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊዎች ነበሩ። ከዚህ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ለእርሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል።

አሁን ይህን ሀብት የሚያሰጋው እስከ ጅረቱ አፋፍ ማረስና በምንጭ አቅራቢያ ባሕር ዛፍ መትከል ነው። ሥር የሌለው ዳርቻ በክረምት ጎርፍ ይናዳል፤ ያረስነውንም መሬት ይዞ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ ገንዘብ ስለሚያስገኝ አርሶ አደሩ ቢመርጠው አያስገርምም። ሆኖም ብዙ ውኃ የሚጠጣ ዛፍ በመሆኑ ቦታው ከምንጭና ከጅረት የራቀ፣ ለእህል የማይመች መሬት ሊሆን ይገባል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ከጅረቱ ዳር ጥቂት እርምጃ ያህል ሳያርሱና ከብት ሳያሰማሩ መተው ነው። ዘር የሚጥል ዛፍ በአቅራቢያው ካለ ቦታው በራሱ ማገገም ይጀምራል። ከሌለ ዘር ከቤተ ክርስቲያን ደን በአስተዳዳሪዎቹ ፈቃድ መልቀም ይቻላል። የዶቅማ ዘር ሲደርቅ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣ ፍሬው እንደ ተለቀመ ይዘራ። የወይራ ዘር ደግሞ ጠንካራ ቅርፊቱ ውስጡ ሳይጎዳ ቢሰነጠቅ በተሻለ ሁኔታ ይበቅላል።

በጅረቱ ግራና ቀኝ የሚያርሱ ጎረቤታሞች በዚህ ላይ አብረው ሊመክሩ ይገባል። ከላይ ያለው ዳርቻውን ካራቆተ በበጋ ውኃ የሚያጣው ከታች ያለው ነውና።