ሳሎን ውስጥ ያለ ባሕር፦ ኮራልና የውሃው ሒሳብ

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ኮራል አላት፤ ሕይወት የለውም እንጂ። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ አፋሩ ደናክል ዝቅታ ገብቶ በነበረበት ዘመን ያደጉ ኮራሎች ድንጋይ ሆነው ዛሬም በዝቅታው ዳርቻ ይታያሉ። ኋላ ውሃው ከባሕሩ ተቆረጠ፤ እየተነነ ሲሄድ ጨዉ በረታ፤ ኮራሎቹም አለቁ። ከቦታው የቀረው አሞሌ የሚቆረጥበት የጨው ሜዳ ነው።

ቤቱ ውስጥ ኮራል ለማሳደግ የሚነሣ ሰው የሚታገለውም ከዚሁ ከትነትና ከጨው ጋር ነው። ገንዳው የተቀመጠው አዲስ አበባ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ነው እንበል።

ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠሩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎችን አስጠግቶ ይኖራል። ድንጋያማዎቹ ዝርያዎች ካልሲየምና ካርቦኔት ከውሃው እየለቀሙ አጽማቸውን ይገነባሉ፤ ስለዚህ ኮራሉ ባደገ ቁጥር ውሃው ይደኸያል። በሰፊው ባሕር ይህ አይታወቅም። በ200 ሊትር ገንዳ ግን በቀናት ውስጥ ይታያል።

የሚፈለገው ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው፣ በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየምና 1,300 ገደማ ማግኒዥየም የያዘ ነው፤ ሙቀቱም 25 ወይም 26 ዲግሪ ነው። ከሁሉ አስቸጋሪው አልካሊኒቲ የሚባለው የካርቦኔትና የባይካርቦኔት ክምችት ነው። አሳዳጊዎች ዲኬኤች በሚሉት መለኪያ ከ8 እስከ 10 ባለው ውስጥ ይይዙታል። ኮራሉ ከአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊግራም ካልሲየም ሲወስድ አልካሊኒቲው በ2.8 ዲኬኤች ይቀንሳል። ካልሲየሙ ከ420 ወደ 400 ቢወርድ ማንም አይደነግጥም፤ በዚያው ጊዜ ግን አልካሊኒቲው ከ8.4 ወደ 5.6 ወርዷል፤ ሲሶው ሄዷል ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ የመለካት አቅም ያለው ሰው እንግዲህ አልካሊኒቲውን ይለካ። የወረደውን በአንድ ጊዜ መመለስም ኮራሉን ይጎዳል፤ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ቤኪንግ ሶዳ አልካሊኒቲን ያነሣል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ስለተቀላቀለበት አይሆንም። ንጹሕ ኖራ ተበጥብጦ የጠለለው ውሃ ካልሲየሙንም አልካሊኒቲውንም አብሮ ይመልሳል፤ ፒኤቹ 12 ስለሚደርስ ግን ጠብ ጠብ እያለ መግባት አለበት። ለግድግዳ የሚሸጠው ኖራ ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ ከገንዳው ይራቅ። የአፍዴራ ጨውም ለወጥ ነው። ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ስለሆነ ኮራል የሚፈልገውን ያህል ካልሲየምና ማግኒዥየም የለውም።

ከአዲስ አበባ ግድቦች ቀዳሚው ገፈርሳ ከኮልፌ ብዙም አይርቅም። የቧንቧው ውሃ ግን በክሎሪን የታከመው ለሰው ተብሎ ነው፤ ከመስመሩ መዳብ ከገባበት ደግሞ ለኮራል መርዝ ይሆናል። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያልፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የተጣራውን በጀሪካን አጠራቅሞ መጠበቅ ግድ ነው፤ የበጋው ደረቅ አየር ገንዳውን በየቀኑ ያጎድለዋልና። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ደናክልን እየደገመ ነው።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። በ2,400 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ያንሳል። በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን የሚይዘው የ25 ዲግሪ የጨው ውሃ እዚህ 5 አካባቢ ላይ ይቆማል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ያለው ትርፍ ትንሽ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማሞቂያውም አብሮ ይቆማል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳይገዙ ኮራል መግዛት የዋህነት ነው።

ግዢውም ቢሆን እንደ ወርቃማ ዓሣ ቀላል አይደለም። ድንጋያማ ኮራሎች የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ስለተመዘገቡ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወሩት በፈቃድ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት።