ጭን ሲፋተግ፣ ቆዳ ሲላጥ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ብዙዎቻችን ለጓደኛ እንኳ የማንናገረውን ነገር ነው። እዚህ ቤሩት ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ አየሩ ስለሚረጥብ ላብ አይደርቅም። ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ፣ በረንዳ ስናጥብ ጭን ለጭን ይፋተጋል፣ ይቀላል፣ ይላጣል። ከጡት ሥር፣ ብብትና ብሽሽት ላይም እንዲሁ። ማታ ውሃ ሲነካው እሳት ነው። እኔ አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ እንደ እናንተው ሰው ቤት እሠራለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም አውቀዋለሁ።

ይህ ነገር ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም። አስቀድሜ የምናገረው ብዙ እህቶች አፍረው ውሃ ያልገባበት ዴቶል ሲቀቡበት፣ በክሎር ሲታጠቡ፣ ሎሚ ሲያሹበት ስላየሁ ነው። በላብ የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰው ሲፋተግ የላይኛው ሽፋን ይነሳል፤ ላቡ ሲደርቅ የሚቀረው ጨው ደግሞ ይፈገፍገዋል። ዴቶልና ክሎር የቀረውንም ያቃጥሉታል።

መፍትሔውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማዳም ሕፃን ቂጡ ሲቀላ ምን ታደርጋላችሁ? ለብ ባለ ውሃ ታጥባላችሁ፣ ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ ታደርቃላችሁ፣ ትንሽ ታናፍሱታላችሁ፣ ነጩን ክሬም ትቀባላችሁ። ለራሳችሁም ያው ነው። ነጩ ክሬም ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ እርጥበት ቆዳውን እንዳይነካው ይከልላል። የሕፃኑን ክሬም ግን አትንኩ፤ በትንሽ ነገር ስም ይጠፋል። ፋርማሲ ገብታችሁ «ክሬም ስማጥ» በሉ፤ ቦታውን ማሳየት አያስፈልግም። እሱ ከሌለ ቫዝሊን ይበቃል።

ሳይላጥ መከላከል ደግሞ ይቀላል። ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ በደረቅ ቆዳ ላይ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ተቀቡ፤ ከሰዓት በኋላ ድገሙት። ከዩኒፎርሙ ሥር እስከ ጭን አጋማሽ የሚደርስ አጭር ታይት ልበሱ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ግን ቶሎ አይደርቅም፤ ሲረጥብ ቀይሩት። ስፌቱንም እዩ፤ ብስክሌት ለረጅም ሰዓት የሚነዱ ሴቶች ስፖንጅ የተሰፋበትን ቁምጣ ያለ ፓንት የሚለብሱት የፓንቱ ስፌት ኮርቻው ላይ ስለሚልጣቸው ነው። የሞዴስ ጠርዝም እንደዚያው ይልጣል፤ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ልብስ ስታጥቡ ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁ።

በሳምንት ውስጥ ካልተሻለ፣ በጣም ቀልቶ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣና ካሳከከ፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ክሎትሪማዞል የሚባል ክሬም ጠይቁ፤ በቀን 2 ጊዜ፣ የዳነ ቢመስልም 2 ሳምንት ሙሉ ይቀባል። ኮርቲዞን ያለበትን ክሬም ያለ ሐኪም አትውሰዱ። ቶሎ ያበርዳል፣ ግን ሲደጋገም ቆዳን ያሳሳል፣ ፈንገሱንም ይደብቀዋል። ፈንገሱ እየተመላለሰ ውሃ ውሃ የሚላችሁና ሽንት የሚያመላልሳችሁ ከሆነ ደግሞ ስኳር ተመርመሩ።

መግል ከያዘ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከጋለ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ክሬም አይበቃውም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለማዳም ቦታውን መናገር የሚያሳፍራችሁ ከሆነ «ኢጅሪ መጅሩሐ»፣ እግሬ ቆስሏል በሉ። ውሸት አይደለም፤ ጭንም እግር ነው።