ባልና ሚስት ሁለቱም ከሳሽ ሲሆኑ

ባልና ሚስት ተካሰው ከፖሊስ ጣቢያ ቢቀርቡና ሁለቱም «የተደበደብሁ እኔ ነኝ» ቢሉ፣ በዚያች ሰዓት ተረኛ የሆነው ፖሊስ ምን ማድረግ ይገባዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ጉዳይ ስለ ሆነ ዛሬ በዚህ ዐምድ ጥቂት ልንመለከተው ወደድን።

ለምሳሌ እንዲህ እናስብ። ባልየው ፊቱ ተቧጭሮ፣ በክንዱም ላይ የጥርስ ምልክት ወጥቶበት ይመጣል። ሚስቲቱ ግን ድምፅዋ ከመሻከሩና ምራቅ መዋጥ ከማስቸገሯ በቀር የሚታይ ቁስል የለባትም። ያልሠለጠነ ሰው ደሙን አይቶ ወዲያው ይፈርዳል፤ የሠለጠነው ግን ስለ አንገቷ ይጠይቃል። መታነቅ በቆዳ ላይ ምልክት ሳይተው ለሞት የሚያበቃ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። የታነቀ ሰውም እስትንፋሱን ለማትረፍ ሲታገል የአናቂውን ፊት ይቧጭራል፤ ክንዱንም ይነክሳል። እንግዲህ በባልየው ላይ የሚታየው ቁስል ሚስቲቱ ራስዋን የተከላከለችበት ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህች ሴት ሐኪም ሳያያት «ወደ ቤትሽ ተመለሽ» ብትባል ወይም እርስዋው ተከሳሽ ብትሆን፣ ከእንግዲህ ወዲህ ወደዚያ ጣቢያ ደጃፍ ትመለሳለችን?

በአገራችን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ. ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ካገቡት ወይም አግብተው ከነበሩት ሴቶች ከመቶ 34ቱ ከባል የአካል፣ የፆታ ወይም የመንፈስ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የአካል ወይም የፆታ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ርዳታ የፈለጉት ግን ከመቶ 23ቱ ብቻ ናቸው። ከጥቂቶቹ አንድዋ ደፍራ ስትመጣ የሚገጥማት መልስ ትልቅ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1997 ዓ. ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኀይል ድርጊት ለይቶ ጠቅሶታል፤ በ78ኛው አንቀጽ ደግሞ ከሕገ ወጥ ጥቃት ራሱን በተመጣጠነ መንገድ የተከላከለ ሰው እንደማይቀጣ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ጥቃቱን ከመከላከሉ መለየት የሚችል የሠለጠነ ሰው ከሌለ አንቀጾቹ ብቻቸውን አይሠሩም።

ሌሎችም ይህ ችግር ደርሶባቸዋል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዓ. ም. በቤት ውስጥ ድብደባ የፈጸመን ሰው ፖሊስ እንዲይዝ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ፖሊሶቹ ግን ሁለቱም ሲካሰሱ ሁለቱንም ማሰር አበዙ። ስለዚህ በሚከተለው ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ፣ ፖሊሱ ዋናውን አጥቂ እንዲለይ ታዘዘ፤ ለዚህም የጉዳቱን ወይም የዛቻውን ክብደት እያነጻጸረ፣ ቀድሞ በመካከላቸው የተፈጸመውንም ጥቃት እየመረመረ እንዲሠራ ተደረገ።

በእኛም ዘንድ ፖሊሱ፣ ነርስዋ፣ ዐቃቤ ሕጉና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያው በአንድነት ቢሠለጥኑ መልካም ነው። የሚማሩትም ይህን የመሰለ ነው። አንደኛ፣ የሁለቱን ቃል ለየብቻ፣ አንዱ ሌላውን በማያይበትና በማይሰማበት ቦታ መቀበል፤ የሚፈራ ሰው በሚፈራው ፊት እውነቱን አይናገርምና። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ቁስል ቦታና ዓይነት ጽፎ ወደ ሐኪም መላክ። ሦስተኛ፣ የዛሬውን ጠብ ብቻ ሳይሆን ያለፈውን መጠየቅ፤ ማን ማንን ይፈራል? ገንዘቡን፣ መውጣትና መግባቱን፣ ከዘመድ መገናኘቱን የሚከለክል ማን ነው? አራተኛ፣ ተናጋሪው የተናገረውን ቃል እንዳለ መጻፍ እንጂ «ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው» ብሎ ነገሩን አለመዝጋት።

ይህን ስንል ባል ሁሉ በዳይ፣ ሚስት ሁሉ ተበዳይ ናት ማለታችን አይደለም። የሚደበደብ ባልም አለ፤ እርሱም አፍሮ ዝም ሊል ይችላል። አስቀድሞ የከሰሰ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ እያለቀሰ የሚናገር ሁሉ የተበደለ፣ ተረጋግቶ የሚናገርም ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። አስተዋይ ሠራተኛ ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ ፍርዱን ያዘገያል፤ አደጋ ላይ ያለውን ሰው ከአደጋ ማራቅን ግን አያዘገይም።

ስለ ሽማግሌዎችም አንድ ቃል እንጨምር። ሽምግልና የከበረ ልማዳችን ነው፤ ተራ ጭቅጭቅን አብርዶ ብዙ ቤት አቁሟል። ነገር ግን አንዱ ወገን ለሕይወቱ በሚፈራበት ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይቅር ተባባሉ» ማለት፣ ፈሪውን ወደሚፈራው እጅ መልሶ መስጠት ነው። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው አስቀድሞ ለየብቻ ይጠይቅ፤ ዛቻ ወይም ማነቅ መኖሩን ከሰማም ነገሩን ለሐኪምና ለሕግ ያሳልፍ።

ሁለቱን ወገን መስማት የዳኝነት መጀመሪያ ነው። መስማት ግን ሁለቱን ቃል እኩል ከፍሎ መሐሉን መውሰድ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ቃል ከቁስሉ፣ ከዘመኑና ከፍርሃቱ ጋር ማመዛዘን ነው። በሥራችሁ ምክንያት እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቀርብላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ከብዕራችሁ አስቀድሞ ጆሮአችሁን አዘጋጁ እንላለን።